መሶብና ኮሮጆ



አማርኛ ድርቅንና ረሃብን በሁለት ቃል ለይቶ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ድርቅ የሰማይ ጉዳይ ነው፤ ዝናብ ይቀራል፣ ምንጭ ይነጥፋል። ረሃብ ግን የምድር ጉዳይ ነው፤ ዝናቡ በቀረበት ዓመት ማን በላ፣ ማን ጦሙን አደረ፣ እህሉስ በየት በኩል ወዴት ሄደ የሚል ጥያቄ ነው። ባለ ሥልጣናት መግለጫ ሲሰጡ «ድርቅ» ማለትን የሚመርጡት፣ «ረሃብ» የሚለውን ቃል ደግሞ እንደ ስድብ የሚሸሹት ይህን ልዩነት አሳምረው ስለሚያውቁ ነው። በድርቅ ማንም አይጠየቅም፤ በረሃብ ግን የሚጠየቅ አለ። ዛሬ የምናገረው ስለ ሁለተኛው ቃል ነው። አገራችን ውስጥ ለምርጫ የሚወዳደር እጩ ስለ ምግብ አይናገርም ብዬ አልከስም፤ እንዲያውም ብዙ ይናገራል። የሚናገረው ግን ስለ ማምረት ነው፤ ስለ ኩንታል፣ ስለ ሄክታር፣ ስለ ማዳበሪያ። የተመረተው ነገር በማን ገበታ ላይ በስንት ብር እንደሚቀርብ ቁጥር ጠርቶ፣ ቀን ቆርጦ ቃል ሲገባ እምብዛም አንሰማውም፤ እኛም መራጮቹ አናፋጥጠውም። ክርክሬ ይኸው ነው፤ እጩዎች ኩንታል መቁጠራቸውን ትተው ገበታ እንዲቆጥሩ ማስገደድ ይቻላል፤ ማስገደጃውም ድምፃችን ነው።

በስልሳ ስድስቱ የወሎ ረሃብ ልጀምር። የቤንጋል ተወላጁ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተሙት መጽሐፍ የኢትዮጵያን ረሃብ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥተው መርምረውታል። ያገኙት ነገር ብዙዎች ከጠበቁት የተለየ ነበር። አገሪቱ በጠቅላላ ያመረተችው እህል ያን ያህል አላሽቆለቆለም፤ ደሴ ገበያ ላይም የእህል ዋጋ ሰማይ አልነካም። ሕዝቡ ያለቀው እህል ከአገር ስለጠፋ ሳይሆን መግዣ ስላጣ ነው። ማሳው የደረቀበት ገበሬ የሚሸጠው የለውም፤ የሚሸጠው የሌለው ሰው ደግሞ የቱንም ያህል ቢራብ ነጋዴን አይጠራም። እህል የሚሄደው ገንዘብ ወዳለበት ነውና፣ በዚያው በረሃቡ ወራት ከወሎ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የተጓዘ እህል እንደነበረ ሴን ጽፈዋል። አፋሩ ደግሞ በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት የአዋሽ ዳርቻ ለጥጥ እርሻ ተወስዶበት ስለነበር፣ ድርቁ ሲመጣ የሚሸሽበት አጣ። ከብቱ አለቀ፤ የተረፈውንም ሲሸጥ የሚያገኘው እህል ከወትሮው እጅግ አነሰ። ስለዚህ ጉዳዩ የዝናብ ብቻ አልነበረም፤ የመሬት ድልድል፣ የገበያና የገቢ ጉዳይ ነበር። እነዚህ ደግሞ በሙሉ መንግሥት እጁን ያስገባባቸው ነገሮች ናቸው።

ያን ጊዜ ወሬው ታፍኖ ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም፣ ከቤተ መንግሥቱ ግብር ጋር እየተፈራረቀ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ያወረዳቸው ደርግ በተራው፣ የራሱ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለዓለም የድረሱልን ጥሪ አሰምቶ ሳለ፣ መስከረም 1977 ላይ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። ሁለቱ መንግሥታት በብዙ ነገር አይመሳሰሉም። የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው፤ የተራበው ሰው ድምፁን ሊነፍጋቸው የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ሴን ኋላ ላይ ከዚህና ከሌሎች አገሮች ታሪክ በመነሳት ነፃ ምርጫና ነፃ ጋዜጣ ባለበት አገር ሕዝብ የፈጀ ረሃብ ደርሶ አያውቅም ሲሉ ጽፈዋል። ማስረጃቸው ሩቅ አይደለም። በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር የነበረችው ቤንጋል እ.ኤ.አ. በ1943 በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በረሃብ አጥታለች፤ ከነፃነት በኋላ ግን የሕንድ ግዛቶች የሆኑት ቢሃር እ.ኤ.አ. በ1966ና በ67፣ ማሃራሽትራ በ1972ና በ73 በከባድ ድርቅ ሲመቱ እንደዚያ ያለ እልቂት አልተደገመም። ሥልጣኑን በሚቀጥለው ምርጫ የሚያጣ ሹም እህል ያለበትን መጋዘን ፈልጎ ያገኛል።

እዚህ ላይ አንድ አዋቂ ሰው እጁን አንሥቶ ይሞግተኛል። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ሳቢያ በተከሰተው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የዕለት እርዳታ ፈላጊ ሆኖ ነበር፤ ሆኖም የ1977ቱ ረሃብ ዓይነት እልቂት አልደረሰም። ያኔ የነበረው ምክር ቤት ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት በተደረገ ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ወንበሮቹን ሁሉ የያዙት ነበር፤ የሚያሰጋ ተቃዋሚ አልነበረም። ታዲያ ረሃብን ያስቆመው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት የድጋፍ ፕሮግራም፣ መንገዱ፣ መጋዘኑ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንጂ ምርጫ ነው ወይ? ይህ ሙግት ሚዛን ይደፋል፤ ልሸሸውም አልፈልግም። ብቃት ያለው አስተዳደር ያለ ፉክክርም እልቂትን ሊያስቀር እንደሚችል ያ ዓመት አሳይቷል። ነገር ግን በዚያው በ2008 ዓ.ም. መንግሥት ራሱ ያካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሌላ ነገር ቆጥሮ ነበር። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ የኢትዮጵያ ሕፃናት መካከል 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። እልቂትን የገታው አስተዳደር፣ በየቤቱ በዝምታ የሚካሄደውን ሌላውን ረሃብ አልገታውም። ምክንያቱ ጭካኔ አይደለም፤ አንደኛው ረሃብ ለካሜራ ይታያል፣ ሁለተኛው አይታይም። የቀነጨረ ልጅ ይራመዳል፣ ይስቃል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ከእድሜው ያነሰ መሆኑን የምታውቀው ቁመት የምትለካዋ ነርስ ናት፤ በልጅነቱ ያጣው ምግብ አእምሮው ላይ ያስቀረውን ጉዳት ደግሞ ማንም በዓይኑ አያየውም። እንዲህ ያለውን ረሃብ ጋዜጣ ዜና አያደርገውም፤ ሳይጠየቅ የሚያነሣው ፖለቲከኛም አይኖርም። ምርጫ የሚያስፈልገን ለዚህኛው ነው።

በእርግጥ መሻሻል አለ፤ መካድ አይገባም። በ1992 ዓ.ም. የቀነጨሩት 58 በመቶ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 37 በመቶ። ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይህን ያህል መውረድ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም የኋለኞቹን ሁለት ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው፤ በ2008 ሠላሳ ስምንት፣ በ2011 ሠላሳ ሰባት። በዚያ መካከል ጉዞው ቆሞ ነበር ማለት ይቻላል። አሁን ደግሞ የበለጠ የሚያስተክዘውን ልንገራችሁ። በ2008ቱ ጥናት ከፍተኛው የመቀንጨር መጠን የተመዘገበው በአማራ ክልል ነው፤ 46 በመቶ። ጤፍና ስንዴ፣ በቆሎና ሰሊጥ ለሌላው የሚተርፍበት፣ ጎጃምን የመሰለ የእህል ጎተራ ያለበት ክልል! አንድ ጎተራ የማይገኝበት አዲስ አበባ ደግሞ 15 በመቶ ብቻ ነው ያስመዘገበው። ኩንታል ልጅን የሚያሳድግ ቢሆን ኖሮ ቁጥሮቹ ቦታ በተለዋወጡ ነበር። እንቁላል ያላት እናት እንቁላሉን ሸጣ ጨውና ጋዝ ትገዛለች፤ ወተቱ ቅቤ ሆኖ ገበያ ይወርዳል፤ ልጁ ከአዋቂው ድስት የተቀነሰ ሽሮ በእንጀራ ይጎርሳል። በዚያው ጥናት መሠረት ከ6 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት መካከል ለዕድሜያቸው የሚበቃውን አነስተኛ የአመጋገብ መስፈርት ያሟሉት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ሰባት! ይህን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ እጩ ስንት ነው? የስንዴ ምርታችንን ግን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል።

ጉዳቱ የሥነ ምግባር ብቻ አይደለም፤ የኪስም ነው። የአፍሪካ ኅብረትና አጋሮቹ ያስጠኑት ጥናት በ2001 ዓ.ም. ገደማ የሕፃናት የምግብ እጥረት ኢትዮጵያን 55.5 ቢሊዮን ብር፣ ማለትም የጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርቷን 16.5 በመቶ እንዳሳጣት ገምቷል። ሒሳቡ የተሠራው በሕክምና ወጪ፣ ክፍል በመድገም፣ ከሁሉም በላይ በልጅነቱ የተጎዳ ሠራተኛ ሊሠራ ሲችል ባልሠራው ሥራ ነው። «ለምግብ የሚሆን በጀት የለንም» የሚል ሰው ይህን ዕዳ በየዓመቱ እየከፈለ መሆኑን ረስቷል።

ሌሎች አገሮች እንዴት አደረጉት? ሕንድን ላንሣ፤ ምሳሌዋ ጣፋጭም መራራም ነውና። እ.ኤ.አ. በ1967 በዛሬዋ ታሚል ናዱ የአናዱራይ ፓርቲ በአንድ ሩፒ ሦስት ስፍር ሩዝ እንደሚያቀርብ ቃል ገብቶ ሥልጣን ያዘ። ከያዘ በኋላ ማድረስ የቻለው አንድ ስፍር ነበር፤ ያውም በሁለት ከተሞች። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ በአንድራ ፕራዴሽ የፊልም ተዋናዩ ራማ ራኦ ሩዝ በኪሎ ሁለት ሩፒ ብሎ አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1998 የዴልሂ አስተዳደር በሽንኩርት ዋጋ መናር ሳቢያ ምርጫውን አጣ፤ ለሽንኩርት ሲባል ወንበር ይታጣል ብሎ የገመተ ብዙ ሰው አልነበረም። በዚህ ሁሉ መሐል ግን ነገሩ ከቅስቀሳ ወደ ሕግ እየተሻገረ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2001 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሕፃናት የበሰለ ምሳ እንዲሰጡ አዘዘ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ እስከ 75 በመቶ የሚደርሰው የገጠር ነዋሪና እስከ 50 በመቶ የሚደርሰው የከተማ ነዋሪ በወር 5 ኪሎ እህል በእጅግ ርካሽ ዋጋ የማግኘት መብት በሕግ ተረጋገጠለት። ብራዚል በሌላ መንገድ እዚያው ደረሰች። ፕሬዚዳንት ሉላ «ረሃብ ዜሮ» የሚለውን ዕቅድ ይዘው ተመርጠው እ.ኤ.አ. በ2003 መጀመሪያ ሥልጣን ሲረከቡ ሁሉም ብራዚላዊ በቀን ሦስቴ መብላቱን የዘመናቸው መለኪያ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕግ ለትምህርት ቤት ምገባ ከፌደራል መንግሥት ከሚሰጠው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ እርሻዎች መግዣ እንዲውል ደነገገ፤ በዚህም የገበሬው ገቢና የተማሪው ምሳ በአንድ ክር ታሰሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 አገሪቱ ከዓለም የረሃብ ካርታ ወጣች። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፤ የአገሪቱ የምግብ ዋስትና ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲሱ ፕሬዚዳንት የመጀመሪያ ቀን ፈረሰ፤ አገሪቱ ወደ ካርታው ተመለሰች፤ ምክር ቤቱ ዳግም ከተቋቋመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2025 እንደገና ወጣች። ለመውጣቱም ለመመለሱም ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የኮቪድ ወረርሽኝም አለበት። ቢሆንም የምርጫ ውጤት ገበታ ላይ ሲደርስ እንዲህ በግልጽ የታየበት አገር ብዙ የለም።

«ይሄማ ሕዝብን በሆዱ መደለል ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የአናዱራይ ሦስት ስፍር ሩዝ ለዚህ ተቃውሞ የተመቸ ምሳሌ ነው፤ ራሴ ያነሣሁትም ለዚያ ነው። የገበሬውን ጉልበት ረግጦ የከተሜውን ዳቦ ማርከስ እኛም አገር ተሞክሯል። በደርግ ዘመን ገበሬው በኮታ እህሉን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ እንዲሸጥ ተገደደ፤ ውጤቱ የተሸሸገ ጎተራና የተኮላሸ ምርት ሆነ፤ በ1982 ዓ.ም. ራሱ ደርግ ተወው። ስለዚህ «ጤፍን በዚህ ዋጋ አደርጋለሁ» የሚል እጩ ቢመጣ ቀድሜ የምጠራጠረው እኔ ነኝ። ነገር ግን የባዶ ቃል መድኃኒቱ ዝምታ አይደለም፤ ጠበቅ ያለ ጥያቄ ነው። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከየትኛው ወጪ ይቀነሳል? ዋጋው ሲወርድ ገበሬው ምን ያገኛል? አንድ ኩንታል ጤፍ ከማሳ ተነስቶ አዲስ አበባ እህል በረንዳ እስኪደርስ በስንት ኬላ ያልፋል፣ በስንት ደላላ እጅ ይዞራል፣ ከነዚህ ውስጥ የትኛውን ታነሣለህ? የስታቲስቲክስ አገልግሎት የዋጋ ግሽበትን ሲያሰላ ከግማሽ በላይ ክብደት የሚይዘው ምግብ ነው፤ ግንቦት 2014 ዓ.ም. ላይ የምግብ ዋጋ ግሽበት ከ40 በመቶ አልፎ ነበር። ስለ ኑሮ ውድነት አዝኖ የሚናገር እጩ ሞልቷል። ኬላ አነሣለሁ የሚለው ነው የሚፈተነው፤ ከኬላው ገቢ የሚያገኝ ወገን አለና።

ከዚህ የከበደ ተቃውሞም አለ። ምግብ የምርጫ ጉዳይ ከሆነ እርዳታም የምርጫ መሣሪያ ይሆናል፤ ሴፍቲኔቱ ለደጋፊ ተሰጥቶ ለተቃዋሚ ይነፈጋል የሚል። ስጋቱ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ዘገባ እርዳታ፣ ማዳበሪያና ብድር በፓርቲ ታማኝነት ይታደል ነበር ሲል ከስሷል፤ መንግሥት አስተባብሏል። ማን ልክ እንደሆነ እዚህ ለመዳኘት አልተሰበሰብንም። የምለው ይህን ነው፤ ምግብ ከምርጫ ክርክር በወጣ ቁጥር ወደ ቀበሌው ጓዳ ይገባል፤ ጓዳ ውስጥ ደግሞ የሚታደለው በችሮታ ነው። ችሮታ የሰጠ ውለታ ይጠብቃል፤ መብት የሰጠ ግን ምንም አይጠብቅም። የሕንዱ ሕግ የተጠቃሚዎች መዝገብ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ ነዋሪውም ራሱ እንዲመረምረው ያዘዘው ለዚህ ነው። የእኛም ሴፍቲኔት በየቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖረው ተደንግጓል። ያ ኮሚቴ ከቀበሌው ሹም ነፃ እንዲሆን አደርጋለሁ የሚል እጩ፣ አንድ ኩንታል ስንዴ ሳይጨምር ብዙ ሰው ያበላል።

«መጀመሪያ ሰላም» የሚሉት ወገኖችም ሊደመጡ ይገባል። ጦርነት ያለበት ማሳ አይታረስም፤ ትክክል ናቸው። ይሁን እንጂ ረሃብ ሰላም እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ሲመጣ የነበረው የውጭ ስንዴም ከእንግዲህ እንደ ድሮው አይመጣም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታው ለማይገባቸው እየዋለ ነው በማለት በመላ አገሪቱ ሥርጭቱን ለወራት አቁመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የእርዳታው ዋና ለጋሽ የነበረው የአሜሪካ መንግሥት ድርጅት ዩኤስኤይድ ራሱ ተዘጋ። ለሃምሳ ዓመት ያህል የተራበውን ወገናችንን ጉዳይ በከፊል የወሰነው የካንሳስ ገበሬና የዋሺንግተን ምክር ቤት ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም። እነሱን መምረጥ አንችልም ነበር። የራሳችንን እጩ ግን መጠየቅ እንችላለን።

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 90 ላይ ለኢትዮጵያውያን ከትምህርት፣ ከጤናና ከንጹሕ ውሃ ጋር ምግብንም ይጠቅሳል፤ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ይላል። ብዙዎች ይህን ሐረግ ማምለጫ ያደርጉታል፤ እኔ የምርጫ ማዕከል ባደርገው እመርጣለሁ። አቅም ራሱን ለክቶ አይናገርም። አስፋልት ይቅደም ወይስ የትምህርት ቤት ምሳ፣ ሕንፃ ይቅደም ወይስ የሕፃናት አልሚ ዱቄት የሚለውን ቅደም ተከተል የሚወስን ሰው አለ፤ ያን ሰው የምንመርጠው እኛ ነን። ባለሙያው ብረትና አዮዲን ስንት እንደሚያስፈልግ ያውቃል፤ ከየትኛው ወጪ ተቀንሶ እንደሚገዛ መወሰን ግን የባለሙያ ሥራ አይደለም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ያለመ ነው። ሥራው በግብርና፣ በጤና፣ በትምህርት፣ በውሃና በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ተከፋፍሏልና ባይሳካ ሁሉም ወደ ሌላው ይጠቁማል። ቀነ ገደቡ የሚያልቀው በሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ የሚመረጠው ምክር ቤት በሥራ ላይ ሳለ ነው። እንግዲህ በየምርጫ ክልሉ ለሚመጣ እጩ የሚቀርበው ጥያቄ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ በዚህ ወረዳ ከመቶ ሕፃናት ስንቱ ቀንጭሯል? በ2022 ስንት ይሆናል? ካልሆነስ ማን ይጠየቃል?

ስለ ቀን መቁጠሪያው አንድ ነገር ጨምሬ ልቀመጥ። ያለፉት አራት ጠቅላላ ምርጫዎቻችን የተካሄዱት በግንቦትና በሰኔ ነው፤ ግንቦት 7 ቀን 1997፣ ግንቦት 15 ቀን 2002፣ ግንቦት 16 ቀን 2007፣ ሰኔ 14 ቀን 2013። ይህ መኸር አምራቹ ገበሬ ጎተራው የሚራቆትበት፣ ዘር ከአፉ ነጥቆ የሚዘራበት፣ የእህል ዋጋ ወደ ክረምቱ ጣሪያ መውጣት የሚጀምርበት ጊዜ ነው። መራጩ ኮሮጆው ውስጥ ወረቀት የሚከተው መሶቡ በሚጎድልበት ወር ነው ማለት ነው። የተመረጠው ምክር ቤት ግን የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን፣ የዚያ ዓመት በጀት አስቀድሞ ክረምት መግቢያው ላይ በቀድሞው ምክር ቤት ጸድቆ ያልቃል። አዲሱ ተመራጭ ከመጀመሪያው ጀምሮ ራሱ የሚያጸድቀው በጀት የሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ይመጣል፤ ያኔ አንዱ ክረምት አልፏል፣ ሁለተኛው ሊገባ ነው። በቅስቀሳው ሰሞን «ወዲያው» ያለን እጩ፣ ለየትኛው ሰኔ እንደሆነ አስጽፉት።